ሁለት መቶ ደብተር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር አምስት ክፍል ያስተምራል እንበል። በየክፍሉ 40 ተማሪ ቢኖር 200 ደብተር ነው። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ ድፍን 10 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ያውም ለአንድ ጊዜ የቤት ሥራ!

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ካመጣ ወዲህ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተና ብቻውን አይበቃም። የክፍል ሥራው፣ የቤት ሥራው፣ አጫጭር ፈተናው ሁሉ ማርክ ሊስት ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ሮስተር አለ፣ ካርድ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጊዜው ግን ከየት ይምጣ?

ብዙዎች መላ ዘይደዋል። ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው ሲተራረሙ መምህሩ መልሱን ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ሌላው ሳይታሰብ የአንድ ረድፍ ደብተር ይሰበስባል፤ ተራው የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ሠርቶ ይመጣል።

እስራኤላዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ተሻሻሉ። አስተያየቱ ላይ ነጥብ የታከለላቸው ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። ዓይናቸው ነጥቡ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

በቀይ እስክሪብቶ የተጣለ ራይትና ፊርማ ለተማሪዋ የሚነግራት ጥቂት ነው። «ሦስተኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቱን ረስተሻል» የሚለው ግን ስህተቷን ያሳያታል። በሳምንት ከየክፍሉ 10 ደብተር እንዲህ ቢታረም በ4 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል፤ የመምህሩም ሥራ በሳምንት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል።