አፖፊስ፦ ስጋትን ያራቀ ልኬት

የዚህ ዲስኩር ርዕሰ ጉዳይ አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ፣ ማለትም እንደ ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን የሚዞር፣ በመጠን ግን ከእነርሱ እጅግ የሚያንስ የጠፈር አለት ነው። አማካይ ስፋቱ 340 ሜትር የሚገመተው ይህ አለት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል፤ ይህም የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚያስተላልፉ ሳተላይቶች ከሚገኙበት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያነሰ ነው።

አፖፊስ እ.ኤ.አ. በጁን 2004 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በኪት ፒክ የምርምር ጣቢያ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የተሠራው ስሌትም በ2029 ከምድር ጋር የመጋጨት ዕድሉን 2.7 በመቶ አደረሰው። ቁጥሩ ያሻቀበው ግን አለቱ መንገዱን ወደ ምድር ስላዞረ አልነበረም። ምህዋሩ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ፣ ከጥቂት ምልከታዎች ብቻ ሲሰላ አለቱ ከዓመታት በኋላ ሊገኝ የሚችልበት ቀጠና እጅግ ሰፊ ይሆናል፤ ልኬቱ እየጠራ ሲሄድ ቀጠናው ይጠባል፣ ምድር በውስጡ እስካለች ድረስም ከቀጠናው የምትይዘው ድርሻ ይጨምራል፣ ከቀጠናው ውጭ ስትሆን ግን ዕድሉ ወደ ዜሮ ያሽቆለቁላል። በአፖፊስም የሆነው ይኸው ነው፤ ከግኝቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 2004 በተነሡ ምስሎች ላይ አለቱ ሳይስተዋል ተመዝግቦ በመገኘቱ ስሌቱ ተስተካክሎ የ2029ኙ ስጋት ተወገደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ተንጸባርቆ ሲመለስ ርቀትን የሚለካው ራዳር አለቱ ቢያንስ ለመቶ ዓመት ምድርን እንደማይመታ አረጋገጠ።

ያም ሆኖ የ2029ኙ መቃረብ ያለ ውጤት አያልፍም። አሁን ፀሐይን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ የሚዞረው አፖፊስ በምድር ስበት ምህዋሩ ስለሚሰፋ ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ለመጨረስ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። ምድርን በሚቀርብባት ሌሊት በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ሰማዩ በጠራበት ስፍራ ያለ ሰው ያለ መነጽር በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ 2024 ዋይ አር 4 የተባለው አስትሮይድ በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ 3.1 በመቶ ደርሶ በቀናት ውስጥ ወደ ዜሮ መቃረቡ ያው ሂደት መደገሙን ያሳያል። ስለዚህ ሕዝብ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲሰማ ያልተጠናቀቀ ልኬት መሆኑን ሊያውቅ፣ መንግሥታትም የቴሌስኮፖችን ሥራና የቆዩ የሰማይ ምስሎችን ጥበቃ የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ አድርገው ሊይዙት ይገባል።