ልጁን ሁሉም ይፈልገው ነበር

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ስፖርትና ስለ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር በለን፤ ስላስቆጠርከው ነጥብ ግን አደራህን አታውራ» ብለውኛል። ግድ የለም፣ ባወራም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በቅርጫት ኳስ ቡድናችን ጋርድ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጨዋታ ግን ያየሁት ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እና ዛሬ የማወራላችሁ ብዙ ዓመት በኖርኩባት በቺካጎ ስላደገ እውነተኛ ጋርድ፣ ስለ ዴሪክ ሮዝ ነው። ማኅበራችን ለስፖርተኛ ተማሪዎች ድጋፍ እንስጥ አንስጥ እያለ በሚከራከርበት በዚህ ጊዜ፣ የዚህ ልጅ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ የሚያስተምሩን ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሮዝ በ1988 ተወልዶ ያደገው በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ኢንግልውድ በሚባል ሰፈር ነው። ድህነትና የጥይት ድምፅ የማይለየው ሰፈር ነው። እናቱ ከሦስት ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር ሆና ጠብቃ አሳደገችው። ወንድሞቹ ተራ እየገቡ ወደ ልምምድ ያደርሱታል፣ ሲጨርስም ይመልሱታል። ገና በልጅነቱ ስሙ ስለወጣ፣ የሚጠብቁት ከወሮበላ ብቻ ሳይሆን ኮት ለብሰው ከሚመጡ መልማዮችም ጭምር ነበር።

በሲሚየን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለበሰው 25 ቁጥርን ነው። ቁጥሩ የቤን ዊልሰን ነበር። ዊልሰን በዘመኑ ከአገሪቱ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፣ በ1984 ትምህርት ቤቱ አጠገብ በጥይት ተመትቶ በማግሥቱ ሞተ። ዕድሜው 17 ነበር። ያንን ማልያ የሚለብስ ልጅ ችሎታ ብቻውን ከአደጋ እንደማያድን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በ2006 ሲሚየን ለኢሊኖይ ግዛት ዋንጫ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ29 ሲያሸንፍ፣ የመጨረሻዋን ኳስ ያገባት ሮዝ ነበር። በ2007ም ዋንጫውን ደገሙት፤ ከቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከነሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ በኋላማ የማይፈልገው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የራሱ ግዛት ኢሊኖይም ፈልጎታል። እሱ ግን ጆን ካሊፓሪ ወደሚያሠለጥኑት ወደ ሜምፊስ ሄደ።

ለምን በቀጥታ ፕሮፌሽናል አልሆነም? እነ ኮቢ ብራያንትና ሌብሮን ጄምስ ከሁለተኛ ደረጃ ተነሥተው ኤንቢኤ ገብተው የለ? በ2005 የኤንቢኤ ሊግና የተጫዋቾቹ ማኅበር አዲስ ሕግ ተስማሙ፤ አሜሪካዊ ተጫዋች 19 ዓመት ሳይሞላውና ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አንድ ዓመት ሳያልፈው አይገባም ተባለ። ስለዚህ ሮዝ ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ዩኒቨርሲቲው ልጁን ለዓመት ተከራየው ማለት ነው።

ዓመቱስ እንዴት አለፈ? ሜምፊስ 38 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው። ሁለተኛው ሽንፈት ግን በኤፕሪል 2008 ሳን አንቶኒዮ ላይ የተደረገው የፍጻሜው ጨዋታ ሆነ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ካንሳስን በ9 ነጥብ ይመሩ ነበር። ከዚያ የቅጣት ውርወራዎች መሳት ጀመሩ። ሊያልቅ 10 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ሮዝ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አገባ፤ 63 ለ60። ማሪዮ ቻልመርስ ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ አስቆጠረና አቻ ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት ካንሳስ 75 ለ68 አሸነፈ። የ19 ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ፣ ያቺን ኳስ ዕድሜ ልኩን የሚሸከማት።

ለኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት የሮዝን ውጤት ሰረዘው። በ2009 የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ የሜምፊስን የ38 ድል ሙሉ ዓመት ከመዝገብ ፋቀ። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ልጁ እንዲጫወት ፈቅዳችሁልን ነበር ብሎ ቢከራከርም፣ ይግባኙ ውድቅ ሆነ። በዚያን ጊዜ ልጁ ኤንቢኤ ገብቷል፣ አሠልጣኙም ወደ ኬንታኪ ሄደዋል። ዕዳው የቀረው በዩኒቨርሲቲው ስም ላይ ነው። የማን ጥፋት ነው ብዬ ልፈርድ አልመጣሁም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከዚያ ሁሉ መልማይ መሐል «ልጄ፣ ምን መማር ትፈልጋለህ?» ያለው ስንቱ ይሆን? አባቶቻችን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። እዚያ ግን ሊጡን ለልጁ ትተው፣ እራቱን ትልልቆቹ ነበሩ የጠበቁት።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2008 የቺካጎ ቡልስ በ1.7 ከመቶ ዕድል የድራፍቱን ሎተሪ አሸንፎ የሰፈሩን ልጅ አንደኛ አድርጎ መረጠው። በ2009 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጨዋታውም ቦስተን ላይ 36 ነጥብ አስቆጠረ። በ2011 ቡልስ 62 ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ በ22 ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። እስከዚያ ድረስ በዚያ ዕድሜ ያንን ሽልማት ያገኘ አልነበረም። ኤፕሪል 28 ቀን 2012፣ ፊላደልፊያን እያሸነፉ ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ዘሎ ሲያርፍ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቷል፤ በ2018 በሚኒሶታ ማልያ 50 ነጥብ ያስቆጠረበትን ማታ ያየ አይረሳውም። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሮዝ ገንዘብ አግኝቷል፣ ስም አግኝቷል። በ2024 ጨዋታ ሲያቆምም በክብር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ልጅ ነው። በሮዝ ዓመት ድራፍቱ የወሰደው 60 ተጫዋች ብቻ ነው፤ ከዓለም ሁሉ! እዚህም የኛ ሰው ልጆች፣ አሜሪካ የተወለዱትም አገር ቤት ያሉትም፣ ኳስ ይዘው ሲያድጉ አያለሁ። ከነሱ አንዱ ጉልበቱ በሁለተኛ ዓመቱ ቢሄድ፣ በእጁ ምን ይቀራል?

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ስፖርተኛ ተማሪዎችን እንደግፍ፤ ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ ድጋፉ ተጫዋቹ ቢጎዳም እስኪመረቅ አይቋረጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከአሠልጣኙ ሌላ አንድ መምህር አማካሪ ይኑረው፤ ክፍል ሲቀር «የት ነበርክ? የት ነበርሽ?» የሚል። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ለማኅበራችን የሚቀርበው ሪፖርት ስንት ዋንጫ አመጣን ሳይሆን ስንቱ ተመረቀ በሚለው ይጀምር። ገንዘቡን እኛ የቀድሞ ተማሪዎች እናዋጣለን፤ ከመምህራኖቻችን የምንለምነው ጊዜያችሁን ነው። እኔ ለመጀመሪያው ተማሪ ድርሻዬን ዛሬ አስመዘግባለሁ፤ ቅጹ መግቢያው በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከቡናው በፊት እለፉበት።