ሐኪም ያላዘዘው ማስታገሻ

ሰላማዊት፦ ብሩክ፣ ሞርፊን ከተክል የሚወጣ ነገር ነው። አንጎላችን ለእሱ የሚሆን መቀበያ ይዞ መገኘቱ አይገርምህም?

ብሩክ፦ ተመራማሪዎቹንም ያስጨነቃቸው ይኸው ነው። መቀበያው መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1973 ታወቀ። በ1975 ደግሞ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ስኮትላንድ፣ አበርዲን ውስጥ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ማስታገሻ ከአሳማ አንጎል ለይተው አወጡ፤ ኤንኬፋሊን አሉት።

ሰላማዊት፦ ከአሳማ! ኧረ ምሳ ላይ ያሉ አድማጮች አሉን።

ብሩክ፦ ይታገሡን እንግዲህ! ኤንኬፋሊን 5 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ዘመዱ ቤታ ኢንዶርፊን 31 አለው። ሕመም የተሸከመ ነርቭ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክቱን ለቀጣዩ የሚያቀብለው ኬሚካል እየረጨ ነው። ኤንኬፋሊን መቀበያው ላይ ሲያርፍ ያንን ርጭት ይገታል፤ ቀጣዩንም ነርቭ ያቀዘቅዘዋል። ቁስሉ እንዳለ ነው፤ ወሬው ግን ተዳክሞ ይደርሳል።

ሰላማዊት፦ ታዲያ ጥርሴን ሲያመኝ የት ሄዶ ነው?

ብሩክ፦ ኢንዛይሞች ቶሎ ይቆራርጡታላ! ስለ ጥርስ ካነሣሽ፣ በ1978 በታተመ ጥናት ጥርስ ከተነቀሉ ሰዎች አንዳንዶቹን ባዶ መድኃኒት አስታገሣቸው። መቀበያውን የሚዘጋው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ ባሰ።

ሰላማዊት፦ የሯጮች ደስታስ? ጂም ቤት ሁሉ ኢንዶርፊን ነው የሚባለው።

ብሩክ፦ ተጋኗል። ስንሮጥ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ከደም ወደ አንጎል ግን በቀላሉ አይሻገርም። ብቻ እናንተ ሩጡ፤ ምስጋናውን ሁሉ ግን ለኢንዶርፊን አትስጡት።