አምሳ ሎሚ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሎሚ ነው።

አንዷ ሎሚ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስታሸቷት ደስ ትላለች። ጥምቀት ላይ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው እሷን ነው። አምሳው ግን ዘንቢል ሞልቶ ትከሻ ይቆርጣል። «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በተለይ መዋጮ ስንሰበስብ አንረሳውም! ሥራ ላይስ? እስቲ ለቅሶ ቤት እንግባ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ጓሮ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሳህን ታጥባለች። ሳህን ይመጣል፣ ታጥባለች። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ታጥባለች። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል። እንግዲህ «በርቺ» ሳህን ሲያጥብ አላየሁም።

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ሎሚው ሁሉ እሱ ጫንቃ ላይ ነው። «ምን ላግዝህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ኧረ ምንም» ነው የሚላችሁ። ዝም ብላችሁ ጠጋ በሉ። ሳህን ከሆነ የታጠበውን መደርደር ጀምሩ። ፋይል ከሆነ ግማሹን ወደ ጠረጴዛችሁ ሳቡት።