ካሜራው እንቢ ሲል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ስለ አዲሱ ዲጂታል ካሜራችን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን፣ አስቀድመን ያፈርንበትን እንናገራለን። ለብዙ ዓመታት በራችንን የጠበቁት አባባ በጡረታ በተሰናበቱበት ዕለት፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በበረንዳው ጥላ ሥር ከነጩ ግድግዳ ፊት አቆምናቸው። ቁልፉን ብንጫን ካሜራው እንቢ አለ። ደግመን ብንጫን ዝም። እንደ ምንም የተገኙት ሁለት ፎቶግራፎችም ደብዝዘው ወጡ። አባባ ብዙ ከቆሙ በኋላ «ግድ የለም ልጆቼ» ብለውን ሄዱ።

እኛም ካሜራውን ለሻጩ ልንመልስ ስንነሣ፣ አንድ መምህራችን ማናችንም ያልገለጥነውን የመመሪያ መጽሐፍ አነበቡልን። ለካስ አልተበላሸም ኖሯል! ቁልፉን በግማሽ ሲጫኑት ሌንሱ ፎከሱን ይይዛል፤ እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ፎቶግራፉ ይነሣል። ካሜራችን በነጠላ ፎከስ አሠራር ላይ ስለ ነበረ፣ አጥርቶ ሳያይ አያነሣም። የሚያየው ደግሞ በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነው፤ እኛ ግን የፎከሱን ምልክት ከነጩ ጋቢ መካከል አድርገን ነበር። ከዓይናቸው ወይም ከጋቢው ጥለት ላይ ብናደርገው ኖሮ ባልተቸገረ። እጅግ መቅረብም ያው ነው፤ ከካሜራ ጋራ የሚሸጠው ባለ 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ ከ25 ሳንቲሜትር ባነሰ ርቀት አያጠሩም።

የደበዘዘ ሁሉ ግን የፎከስ ጥፋት አይደለም። ፎቶግራፉን አጉልታችሁ ተመልከቱ። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው ከጠራ፣ ፎከሱ ስቷል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተጎተተ፣ እጃችን ተንቀጥቅጧል። ግድግዳው ጠርቶ ሰውየው ብቻ ከተጎተተ፣ ሰውየው ተንቀሳቅሷል፤ ሹተሩ ዘግይቷል ማለት ነው። የእኛ በ1/10 ሰከንድ የተነሣ ነበር! ለቆመ ሰው 1/125፣ ኳስ ለሚጫወት 1/500 ይበጃል። ብርሃን ካነሰ አይ ኤስ ኦውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ጥቂት ነጠብጣብ ቢያመጣም ከመደብዘዝ ይሻላል።

ሜሞሪ ካርዱ እንዳልሞላና በጎኑ ያለችው መቆለፊያ እንዳልተዘጋች ማየትም አይዘንጋ፤ በዚህም አንድ ጊዜ ተሞኝተናል።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ አባባ ቤት ሄደን፣ ከደጃፋቸው በጠዋት ብርሃን በ1/250 አነሣናቸው። ፎቶግራፉ በአዳራሹ መግቢያ ተሰቅሏል፤ አባባም እነሆ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።