ግብር ከፍለናል፤ ፍቅርስ?



ሐምሌ መጥቶ የግብር ወቅት ሲደርስ በነቀምቴ ገበያ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ግብሬን ከፍያለሁ፤ ድሃውን መንግሥት ይርዳ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አስራት አወጣለሁ፣ ድሃም እረዳለሁ፤ ሽያጬን ትንሽ ብደብቅ ምን አለበት?» ይላል።

እስቲ ሮሜ 13፥7ንና 8ን አንድ ላይ አንብቡ። ሐዋርያው ግብር እንድንከፍል ካዘዘ በኋላ፣ ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ እንዳለብን ይነግረናል፦ እርስ በርስ መዋደድ! የግብር ዕዳ ሲከፈል ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ያልቃል። ለፍቅር ዕዳ ግን «ጨርሻለሁ» የሚያሰኝ ደረሰኝ የለም።

መንግሥት ድሃን መርዳቱ መልካም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት መሥራት የሚችለውን በሕዝብ ሥራ ያሰማራል፤ አቅም የሌለውን በቀጥታ ይደግፋል። ነገር ግን የመንግሥት እርዳታ በመዝገብ ነው የሚሠራው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ወለጋ ሲጎርፉ፣ ስማቸው እስኪመዘገብ ረሃባቸው አልጠበቀም። እንዲህ ባለው ሌሊት ሰው የሚያስፈልገው በሩን የሚከፍትለት ጎረቤት ነው።

ሽያጭህን የምትደብቀው ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ስማ። የገቢ ግብር ሕጋችን ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን በተወሰነ ልክ ተቀናሽ ያደርግለታል። በሕጉ መንገድ ብትጠቀም ነውር የለውም። ያለ ደረሰኝ ሸጠህ ያስቀረኸውን ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትመጣ ግን ኢሳይያስ 61፥8ን አስብ፤ ጌታ ከዝርፊያ የመጣ መሥዋዕት ይጠላል። ግብር ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ይውላል፤ እዚያ የሚሄደው ደግሞ ያው ድሃ ነው። ታዲያ በቀኝህ ሰጥተኸው በግራህ መልሰህ መውሰድህ አይደለም?

«ግብሩ እኮ ይባክናል» ትሉኝ ይሆናል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ኔሮን ቄሣር በነበረበት ዘመን ነው! የት ዋለ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው፤ መደበቅ ግን መጠየቅ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ሁለት ነገር አድርጉ። የሽያጭ መዝገባችሁን በጌታ ፊት ግለጡ። ከዚያም በሰፈራችሁ በማንም መዝገብ ያልገባ አንድ ችግረኛ ፈልጉና በሩን አንኳኩ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።