ካርታ ላይ የምንስለው ቅርጽ ማንን ያስገባል?

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂና ሕክምና አንድ ነገር በይ» ብለውኛል። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ጠባብ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ላፕቶፕ ላይ በተከፈተ ካርታ ቅርጽ መሳልን። እኛ ስንማር ሥዕል ማለት አናቶሚ ነበር። ብራኪያል ፕሌክሰስን በባለቀለም እርሳስ ስንት ሌሊት እንደሳልነው የምታስታውሱ አላችሁ። የዛሬው ሥዕል ግን ለፈተና አይደለም፤ ክትባት የትኛው ቤት እንደሚደርስ የሚወስን ነው።

ኪውጂአይኤስ የሚባል ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፣ በነፃ የሚገኝ፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ወረዳ ላይ ለሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የእርሳስ ምልክቷን ትጫናላችሁ፤ ካርታው ላይ ጥግ ጥጉን አንድ በአንድ ክሊክ እያደረጋችሁ ትዞራላችሁ፤ መጨረሻ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስትዘጉት ፖሊጎን ይሆናል። ወዲያው ቅጽ ይከፈትና መረጃ ይጠይቃችኋል፤ ቀበሌው፣ ጤና ኬላው፣ የሕዝቡ ብዛት።

ከዚያ በኋላ ቅርጹ ዝም ያለ ሥዕል አይደለም። ስትነኩት ስለ ራሱ ይናገራል። «በውስጥህ ስንት የወባ ሕመምተኛ አለ?» ብትሉት ቆጥሮ ይመልሳል። ጥጉን ይዛችሁ ጎትቱትና ቆጠራውን ድገሙት፤ መልሱ ይለወጣል። ልብ በሉ፤ የታመመው ሰው አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ብቻ ነው። ዛሬ የመጣሁበት ነገር ይኸው ነው።

የዶክተር ጆን ስኖውን ታሪክ ሁላችንም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን፣ ሶሆ ሠፈር ኮሌራ ሲገባ ሟቾችን በየቤታቸው ካርታ ላይ አሰፈረ፤ የብሮድ ስትሪት ፓምፕ እጀታም ተነቀለ። ብዙ ጊዜ የማይነገረን ግን በ1855 በወጣው ካርታ ላይ የጨመረው መስመር ነው። ከብሮድ ስትሪት ፓምፕና በዙሪያው ካሉት ሌሎች ፓምፖች እኩል የሚርቁትን ቦታዎች በመስመር አያያዘ። ርቀቱን የለካው ታዲያ በአየር አይደለም፤ ሰው በእግሩ በሚሄድበት መንገድ ነው። ባልዲ የያዘች ሴት ግድግዳ ጥሳ አታልፍማ!

እኛስ? ብዙ ጊዜ ጤና ኬላውን መሀል አድርገን 5 ኪሎ ሜትር ክብ እንስልና «በዚህ ውስጥ ያለ ሁሉ አገልግሎት ያገኛል» እንላለን። ለኮምፒውተሩ ቀላል ነው። እንዲያውም ካርታው በዲግሪ የሚለካ ከሆነ 5 ብላችሁ የጻፋችሁትን 5 ዲግሪ ብሎ ይወስደዋል፤ ያ ክብ ከጎንደር ቢነሳ አዲስ አበባን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን በሜትር ወደሚለካ ሥርዓት ማዞር ነው፤ ለመካከለኛው የሀገራችን ክፍል ዩቲኤም ዞን 37 ይሆናል። እሱስ በቀላሉ ይታረማል። ገደሉን ግን ሶፍትዌሩ አያውቀውም።

በሠራሁበት አንድ ወረዳ እንዲህ ያለ ባለ ክብ ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁ። ክቡ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ጎጦች ጠቅልሏል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ አየችውና «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ገደል ነው። በዚህ በኩል ማን ይመጣል? ክረምት ሲሆን ፍየልም አይሻገረውም» አለችኝ። ማዶ ያሉ ነፍሰ ጡሮች በሌላ በኩል ዞረው ሩቁ ጤና ጣቢያ ነበር የሚሄዱት። ማውሱን ሰጠኋት። ጥጎቹን እየጎተተች መስመሩን ወንዙ ዳር አደረሰችው። ክቡ ጠፋ፤ የተጣመመ፣ ለዓይን የማያምር ቅርጽ ወጣ። እውነተኛው ግን እሱ ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሉ የለ?

ሁለተኛው ነገር ክፍተት ነው። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ቀበሌዎችን ለየብቻ ብትስሏቸው መስመሮቹ አይገጥሙም። በተደራረቡበት ቦታ አንድ ቤት ሁለቴ ይቆጠራል፤ በተራራቁበት ደግሞ የማንም ያልሆነ ቤት ይኖራል። ስናፒንግ የሚባለውን ካበራችሁ አዲሱ ጥግ ከነባሩ ጋር ይጣበቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት ሲቀርብ ያልሳቀ ከመካከላችን ማን አለ? አካፋዩ ሲሳሳት እንዲህ ይሆናል። ማንም ዝርዝር ውስጥ የሌለው ሕፃን ግን ኩፍኝ ሲገባ ዝርዝር አይጠይቅም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ገጠር ውስጥ የአንድ ሕመምተኛ ቤት ካርታ ላይ በነጥብ ከተቀመጠ ስሙን እንደመጻፍ ነው። ስለዚህ የቲቢም ሆነ የኤች አይ ቪ መረጃ ከቢሮ ሲወጣ ነጥቡ ይቅር፤ ድምሩን በቅርጹ አሳዩ። ምስጢር መጠበቅ ካርድ ክፍል ላይ አያበቃም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር መሠረቱ ቀበሌ ነበር፤ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ሠራተኞች። የቀበሌውን መንገድ በእግራቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መምህራኖቻችን፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ተማሪዎቹ ለማኅበረሰብ ጤና ልምምድ ሲወጡ ግማሽ ቀን ስጧቸው፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጠው የአንድ ቀበሌ ወሰን ይሳሉ፤ በነጋታው የሳሉትን በእግራቸው ይሂዱበት። ጓደኞቼ፣ እናንተ ደግሞ በየቢሯችሁ የተሰቀለውን ካርታ ስታዩ «ይህን መስመር ማን ሣለው? እዚያ የሚኖር ሰው አይቶታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥሩ ሥዕል መሳል አያስፈልገንም። ከመስመሩ ውጭ ማን እንደቀረ ማወቅ ግን ግዴታችን ነው።